የዓይንን ወሰን ያስተማሩን ሊቅ

እንደሚታወቀው ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክ የማይያዝበት የአገራችን ማዕዘን እየጠፋ ነው። ከአዲስ አበባው መርካቶ እስከ ደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ድረስ የሞባይል ነጋዴ ደንበኛውን ሲያግባባ ከሚያነሳቸው ነገሮች አንዱ የስክሪኑ ጥራት ነው። ጥራቱ የሚለካው ደግሞ በፒክስል ነው። ፒክስል ማለት የስክሪኑ ምስል የተሠራበት ደቃቅ ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ የሚደረደሩት ነጥቦች በበዙ ቁጥር ምስሉ ይጠራል ይባላል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ክርክር መሀል እምብዛም የማይነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ የሰው ዓይን ስንቱን ነጥብ ለይቶ ማየት ይችላል? ዓይን ሊለየው ለማይችለው ነጥብ ገንዘብ መክፈልስ ምን ይሉታል? ይህ ጥያቄ የዘመናችን የቴክኖሎጂ ሊቃውንት ብቻ የፈጠሩት የሚመስለው ብዙ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። ዓይን እንዴት እንደሚያይ፣ ምን ሲሟላለት እንደሚያይና የት ላይ እንደሚያቆም በሙከራ መርምረው መልስ የሰጡት ከ1000 ዓመት በፊት የኖሩ አንድ ሙስሊም ሊቅ ናቸው። የእኚህን ሊቅ ሕይወት ማወቅ ለእኛ ለዛሬዎቹ የሚጠቅመው በታሪክ ለመኩራት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

ሙሉ ስማቸው አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል-ሐሰን ኢብኑል-ሀይሠም ይባላል። አውሮፓውያን አልሐዘን እያሉ ይጠሯቸዋል። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ354፣ በዛሬይቱ ኢራቅ ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው የበስራ ከተማ ነው። ዘመኑ የዒልም ዘመን ነበር። በ973 የተወለዱት አል-ቢሩኒና በ980 የተወለዱት ኢብኑ ሲና የዘመን ጓዶቻቸው ናቸው። የግሪክ ጠበብት መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ተተርጉመው በየከተማው ይነበቡ፣ ይተቹና ይታረሙ ነበር። ወጣቱ ኢብኑል ሀይሠምም የኤውክሊድን ጂኦሜትሪና የበጥሊሞስን የከዋክብት ጥናት ጠንቅቀው አወቁ።

ስለ ዓይን ጥንካሬ ማሰብ በዐረቦች ዘንድ አዲስ ነገር አልነበረም። በሰሜን ሰማይ ከሚታዩት የድብ ከዋክብት መካከል ከአንዲት ደማቅ ኮከብ አጠገብ ሱሃ የምትባል ደብዛዛ ኮከብ አለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በማዕዘን ሲለካ 12 ደቂቃ ያህል፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛው ነው። ሱሃን ለይቶ ያየ ሰው ዓይኑ ብርቱ ነው ይባል ነበር። ይህች ኮከብ ከበስራ እንደምትታየው ሁሉ ከቱርሚና ከዲመካ ሜዳም ትታያለች። ልዩነቱ ኢብኑል ሀይሠም ማን አየ ማን አላየ በሚለው ሳይወሰኑ፣ ማየት ራሱ ምንድን ነው ወደሚለው ማለፋቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ግብፅን የሚገዛው የፋጢሚዮች ኸሊፋ አል-ሐኪም ነበር። ሥልጣን ላይ የቆየው ከ996 እስከ 1021 ነው። ዒልምን የሚወድ፣ በካይሮ ትልቅ የዕውቀት ቤት ያቋቋመ፣ ነገር ግን ጠባዩ የማይጨበጥ፣ ዛሬ የሾመውን ነገ የሚገድል ሰው ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ኢብኑል ቂፍጢ እንደተረከው፣ ኢብኑል ሀይሠም የዓባይ ውሃ ሲሞላም ሲጎድልም ለሕዝብ የሚጠቅምበትን ሥራ መሥራት እንደሚቻል መናገራቸው ኸሊፋው ጆሮ ደረሰ። ኸሊፋውም ገንዘብ ልኮ አስመጣቸው፤ ከከተማው ወጥቶም በክብር ተቀበላቸው።

ሊቁ የግንባታ ባለሙያዎችን አስከትለው ወንዙን ተከትለው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸው የጥንቶቹ ግብፃውያን ያቆሟቸውን ግንባታዎች አዩ። ልኬታቸው የተስተካከለ፣ ጥበባቸው የረቀቀ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣባቸው። ይህን ያህል ዕውቀት የነበራቸው ሰዎች ዓባይን መገደብ ቢቻል ኖሮ ሳይገድቡት አይቀሩም ነበር። ከአስዋን በስተደቡብ ካለው ፏፏቴማ ስፍራ ደርሰው ቦታውን ሲመረምሩትም ያሰቡት እንደማይሆን ተረዱ። በእርግጥም በአስዋን ትልቁ ግድብ ተሠርቶ ያለቀው በ1970 ነው። እሳቸው ሊገሩት ያሰቡት ጎርፍ የሚነሳው በአብዛኛው ከእኛው ደጋ እንደሆነና አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ እንደሚሄድ ለአንባቢ መንገር አያሻም። የወንዝ ሙላት ምን ማለት እንደሆነ የኦሞ ወንዝ ሰዎችም ያውቁታል። ካሮዎች፣ ዳሰነቾችና ሙርሲዎች ጎርፉ ትቶት በሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ ናቸው። ግልገል ጊቤ 3 ውሃ መያዝ ከጀመረበት ከ2015 ወዲህ ግን ያ ሙላት ቀርቷል።

ኢብኑል ሀይሠም ተመልሰው ሥራው እንደማይቻል ለኸሊፋው ተናገሩ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ገዢ ፊት፣ አልችልም ብሎ መቆም ቀላል ነገር አልነበረም። ኸሊፋው ለጊዜው ዝም ብሎ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሾማቸው። እሳቸው ግን የሹመቱ ፍጻሜ ምን ሊሆን እንደሚችል ስለገባቸው እንደሚተረከው ያበዱ መስለው ታዩ። ንብረታቸው ተያዘ፤ እሳቸውም በቤታቸው ውስጥ እንዲጠበቁ ተደረገ። አል-ሐኪም በ1021 አንድ ሌሊት ወጥቶ እስከቀረበት ጊዜ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጡም።

ኪታብ አል-መናዚር የተሰኘውና ሰባት ክፍል ያለው ታላቁ ሥራቸው የካይሮ ዘመናቸው ፍሬ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኤውክሊድና በጥሊሞስ ዓይን የሚያየው ከራሱ ጨረር አውጥቶ ነገሩን በመዳሰስ ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ይህንን አልተቀበሉም። ፀሐይን ያየ ዓይን ይታመማል፤ ደማቅ ነገር አይቶ ወደ ጨለማ የዞረ ሰው የዚያ ነገር ምስል ለጥቂት ጊዜ አይለቀውም። ስለዚህ ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን ይገባል እንጂ ከዓይን ወጥቶ አይሄድም አሉ። ብርሃን ከነገሩ ላይ ካረፈ በኋላ ከእያንዳንዷ ነጥቡ በቀጥታ መስመር በየአቅጣጫው ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ዓይናችን የገባው እንድናይ ያደርገናል።

ይህንንም በወሬ አላለፉትም። ከአንድ ጨለማ ክፍል ፊት ለፊት መብራቶች ደርድረው ብርሃናቸው በአንዲት ቀዳዳ እንዲገባ አደረጉ። ግድግዳው ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲሸፍኑት ከግድግዳው ላይ የእሱ ነጥብ ብቻ ጠፋ፤ ሲገልጡት ተመልሶ መጣ። ብርሃኖቹ በቀዳዳዋ ውስጥ ተገናኝተው ቢያልፉም አልተደባለቁም። በሌላ ድርሳናቸው ደግሞ በግርዶሽ ጊዜ የፀሐይ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የማጭድ ቅርጽ እንደሚሠራ፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ያ ቅርጽ ጠፍቶ ክብ ብርሃን ብቻ እንደሚቀር አሳዩ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 2013 በቱርካና ሐይቅ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የዘለቀውን ግርዶሽ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ መሬቱን ያየ ሰው በቅጠሎቹ ክፍተት የገቡትን ትናንሽ ማጭዶች ሳያስተውል አይቀርም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቀዳዳው ሲሰፋ ምስሉ የሚደበዝዘው አንዱ ነጥብ በሌላው ላይ ስለሚደራረብ ነው። የምስል ጥራት ማለት ነጥብ ከነጥብ ሳይደባለቅ መቅረቱ ነው። የዛሬው የፒክስል ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም። ፎቶ የምናነሳበት ካሜራ የዚያ ጨለማ ክፍል ዘር ነው፤ ካሜራ የሚለው ቃልም በላቲን ክፍል ማለት ነው። ወደ ሙርሲዎች መንደር እየሄዱ በየፎቶው ሒሳብ ከፍለው የሚያነሱት ቱሪስቶች በአንገታቸው ያንጠለጠሉት ያንን ክፍል ነው።

ኢብኑል ሀይሠም ማየት እንዲቻል መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ዘርዝረዋል። ነገሩ ከዓይን ፊት ለፊት መሆን አለበት፤ በመሀላቸው ተገቢ ርቀት ሊኖር፣ ብርሃን ሊያርፍበት፣ መጠኑም ከተወሰነ ልክ ማነስ የለበትም። በመካከል ያለው አየር የጠራ፣ ዓይኑም ጤነኛ ሊሆን ይገባል፤ ለማስተዋልም ጊዜ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወይ አናይም፣ ወይም ተሳስተን እናያለን። ደቃቅ ጽሕፈትና ቅርጻ ቅርጽ በደብዛዛ ብርሃን አይታይም። ከዋክብት ደግሞ ቀን የማይታዩት ብርቱ ብርሃን ደካማውን ስለሚሸፍነው ነው። በኦሞ ቆላ በቀትር ፀሐይ ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑ ጥቁር የሆነበት ሰው ምክንያቱን ከዚህ ያገኘዋል። የፒክስሉ ብዛት ያን ጊዜ ምንም አይረዳውም።

ሊቁ ለመጠንም ትኩረት ሰጥተዋል። አንድ ነገር ቢኖርም እንኳ እጅግ ካነሰ ወይም እጅግ ከራቀ ዓይን አይደርስበትም። ስለዚህ አለማየት የአለመኖር ማስረጃ አይደለም ማለት ነው። እንዲሁም ዓይን በራሱ የሚቀበለው ብርሃንና ቀለም ብቻ ሲሆን፣ ርቀቱን፣ መጠኑንና ቅርጹን የሚፈርደው አእምሮ እንደሆነ አስተማሩ። ጨረቃ ከአድማስ ላይ ስትወጣ ትልቅ መስላ የምትታየው በዚህ የአእምሮ ፍርድ ምክንያት መሆኑንም ገለጹ።

የዛሬ ሳይንስ ለዚህ ወሰን ቁጥር ሰጥቶታል። ሆላንዳዊው ሐኪም ስኔለን በ1862 ባወጣው የፊደል ሠሌዳ መሠረት ጤነኛ ዓይን የሚለየው ትንሹ ማዕዘን አንድ ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል ነው ተብሎ ተወሰደ። በሐመር ምድር ከብት የሚጠብቅ ጤነኛ ዓይን ያለው ልጅ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲኖር ነው። ስልክን ከዓይን 30 ሴንቲ ሜትር አርቀን ስንይዝ ይኸው ማዕዘን ወደ 0.09 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ይህም በአንድ ኢንች 290 ያህል ፒክስል ማለት ነው። አፕል ኩባንያ በ2010 በኢንች 326 ፒክስል ያለው አይፎን 4ን ሲያወጣ ከዓይን ወሰን ደረስኩ ያለው ይህንን ሒሳብ ይዞ ነው። ሶኒ ደግሞ በ2015 ኤክስፔሪያ ዜድ 5 ፕሪሚየም በተባለው ስልክ 806 አደረሰው።

በ2025 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የድሮውን ልክ አሻሽሎታል። ዓይን ነጭና ጥቁር ምስልን ሲያይ በአንድ ዲግሪ ውስጥ 94 ፒክስል ድረስ መለየት ይችላል፤ በቀይና አረንጓዴ 89፣ በቢጫና ሐምራዊ ግን 53 ብቻ። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት 94ቱ በኢንች 456 ያህል ይሆናል። ዓይናችን ከተገመተው በላይ ብርቱ ሆኖ ተገኘ፤ ወሰኑ ግን አለ። በዚህ ርቀት ከዚያ በላይ ያለው ነጥብ ኪስን እንጂ ዓይንን አይነካም። ሂላል ለማየት ሻዕባን 29 ላይ ወደ ምዕራብ ለሚያንጋጥጠው ሙስሊም ይህ እንግዳ አይደለም። ጨረቃ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ሳትርቅ ማጭዷ ለዓይን እንደማትታይ ፈረንሳዊው ዳንዦን በ1930ዎቹ አስልቷል። ጨረቃዋ በቦታዋ አለች፤ ዓይን ግን አይደርስባትም።

ከአል-ሐኪም በኋላ ኢብኑል ሀይሠም ንብረታቸው ተመልሶላቸው በአል-አዝሀር መስጂድ አጠገብ ተቀመጡ። ሹመት አልፈለጉም። ኑሯቸውን የሚደጉሙት የኤውክሊድን፣ የበጥሊሞስንና ሌሎችንም የሒሳብ መጻሕፍት በእጃቸው እየገለበጡ በመሸጥ ነበር። ለዚህም በዓመት 150 የግብፅ ዲናር ያገኙ እንደነበር ተጽፏል። ስለ ቂብላ አቅጣጫ፣ ስለ ጨረቃ ብርሃን፣ ስለ ጂኦሜትሪ ከ90 በላይ ድርሳናት እንደጻፉ ይነገራል። በበጥሊሞስ ላይ በጻፉት ትችት እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን በጭፍን ከማመን ይልቅ መመርመር እንዳለበት፣ በዚህም ሳያበቃ ራሱንም መጠርጠር እንደሚገባው መክረዋል። እሳቸውም ፍጹም አልነበሩም። የማየት ስሜት የሚጀምረው ከዓይን ሌንስ ላይ ነው ብለው ነበር፤ ምስሉ ተገልብጦ ከዓይን ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ እንደሚያርፍ ኬፕለር ያሳየው በ1604 ነው። ኬፕለር ግን ከዚያ የደረሰው በእሳቸው መንገድ ሄዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ በካይሮ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ኪታባቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ እነ ሮጀር ቤከን ተማሩበት፤ በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ። በሙስሊሙ ዓለም ደግሞ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሰፊ ማብራሪያ ጻፈበት። ተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ብለው በሰየሙ ጊዜ ስማቸው በዓለም ዙሪያ ተወሳ። የኢራቅ የ10,000 ዲናር ኖት ላይም ምስላቸው አለ።

ውድ አንባቢ! ይህ ሁሉ ዛሬ ምን ይጠቅመናል ቢባል መልሱ ከዚያው ከካይሮ ይገኛል። በዚያው በአል-ሐኪም ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ዐማር ኢብኑ ዐሊ አል-መውሲሊ የሚባል የዓይን ሐኪም ነበር። ይህ ሰው የዓይን ሞራን በቀዳዳ መርፌ መጥጦ የሚያወጣበትን መንገድ በኪታቡ አስፍሯል። ዓይን እንዴት እንደሚያይ የመረመረ ሊቅና የታወረን ዓይን የሚከፍት ሐኪም በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ዒልሙና ሕክምናው አልተራራቁም ነበር።

በአገራችን በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ለዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህል መንስኤው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፤ ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ 11.5 በመቶውን ይይዛል። የሞራ ግርዶሽ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ትራኮማ ደግሞ ንጹሕ ውሃ፣ የፊት መታጠብና መድኃኒት ካለ የሚጠፋ በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ግን በዓለም ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ያለባት አገር ናት። ውሃ በሚርቅበት፣ ዝንብ ከከብት ጋር በሚውልበት የደቡብ ኦሞ ቆላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን በየጥቅሻዋ ለሚፍቃት እናት 290ውም ሆነ 806ቱ ፒክስል አንድ ነው።

ኢብኑል ሀይሠም ካስቀመጧቸው የማየት መሥፈርቶች መካከል የዓይን ጤንነት አንዱ ነበር። እኛ ግን የመስተዋቱን ጥራት እያሳደድን የዓይኑን ጤና ዘንግተናል። ስልክ የሚቀይር ሰው የሻጩን ቁጥር ሰምቶ ከመክፈሉ በፊት ስልኩን እንደ ልማዱ በእጁ ይዞ በራሱ ዓይን ያወዳድር፤ ልዩነቱ ካልታየው ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይትረፈው። የአያቱ ዓይን መደብዘዝ የጀመረ እንደሆነም የእርጅና ነው ብሎ ከመተው ወደ ሐኪም ይውሰዳቸው። ለምርመራው ፊደል ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞረ አንድ ምልክት ያለበት ሠሌዳ አለ፤ ተመርማሪው አቅጣጫውን በእጁ ማሳየት ብቻ ይበቃዋል። ያ ሠሌዳ ከጂንካ አልፎ ወደ ኛንጋቶምና ወደ ዳሰነች ቀበሌዎች ምን ያህል እንደሚዘልቅ መጠየቅ ያለብን ደግሞ ሁላችንም ነን።